ሌባ ፍለጋ በዕድር ጡሩምባ

የሰፈራችንን ጥበቃ ያቋቋመው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ የመጣሁት ከእሱ በኋላ ነው። ማለቴ፣ በታይፎይድ ከሞተ በኋላ።

የምንኖረው ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዳገት ላይ፣ መግቢያውም መውጫውም አንድ በሆነ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነበር። የእኛ ቤት ከላይ መጨረሻው ላይ ነው፤ የዕድሩ ቤት ደግሞ ከታች መግቢያው ላይ። ዘመኑ የደርግ ነው። ቀበሌው ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ነበሩት። እነሱ ግን የሚጠብቁት አብዮቱን ነው፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ የሚጠብቅ አልነበረም። ልብስ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ይጠፋ ነበር። አንሶላ፣ ሱሪ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም የባለሱቁ ጀለቢያ ከዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ ከነአረፋው።

ወንድሜ ቀበሌ ሄዶ አመለከተ። ሊቀመንበሩም፣ “በፈቃደኝነት ከሆነ ተደራጁ፤ ግን ቃለ ጉባኤ ያዙ” ብለው ማኅተም መቱለት። አምስት ሰው ሆኑ። አምስት ዱላና አንድ ፊሽካ ነበራቸው።

ወንድሜ በሞተ በአርባኛው ቀን፣ ከተዝካሩ ሳንነሳ፣ የቀሩት አራቱ ጠባቂዎች ፊሽካውን እጄ ላይ አደረጉት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። አልችልም ልላቸው ፈልጌ ነበር። እኔ ስደነግጥ ቃል ይይዘኛል። “አል...” ብዬ ቀሪው እስኪመጣልኝ ድረስ አጨብጭበው ጨረሱ።

እማዬ ወንድሜ ታሞ የተኛበትን ጋቢ ስድስት ወር ሳታጥብ አስቀምጣው ነበር። አንዳንዴ አውጥታ ታሸተዋለች። እኔ እንዳላየሁ እሆናለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ድንገት አወጣችና ዘፈዘፈችው።

“ማን ይጠብቅልኛል?” አለች፣ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች።

“እኔ አለሁ አይደል?” አልኳት። ያን ጊዜ ቃል አልያዘኝም።

“ይሄ ከጠፋብኝ እኔ...” አለችና አልጨረሰችውም።

“አይጠፋም እማዬ።”

ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ ብጠብቀው ኖሮ ምንም ባልመጣ ነበር። ግን ስምንት ሰዓት ላይ በዕድሩ ቤት ስብሰባ ነበረን። ከአባሎቻችን አንዱ፣ ሸማኔው፣ ረቡዕ ዕለት ጥበቃ ላይ ተኝቶ ስለተገኘ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። በዚያ ዘመን ያለ ሂስና ግለ ሂስ ጥፋት አይዘጋም። ስለዚህ የሰፈሩ ጠባቂዎች በሙሉ፣ ስለ ጥበቃ ጉድለት ለመነጋገር፣ ጥበቃውን ትተን ገባን።

ሸማኔው በትልልቅ የዕድር ድስቶች መሀል ቆመ። “ድክመቴን አምናለሁ” አለ። “እንቅልፌ ከንዑስ ከበርቴ አስተሳሰብ የመነጨ ነው።”

“ከጠላ ነው የመነጨው” አለ ሌላው ጠባቂ፣ ባለሱቁ።

“አንተ ሱቅህ ውስጥ ሆነህ በምን አየኸኝ?”

“አንተን መች አየሁ? ጣሳው ነው የሚታየው።”

ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ጠላ ብዬ ልጻፍ ወይስ ንዑስ ከበርቴ እያልኩ ቀና ስል፣ በበሩ በኩል አንድ የማላውቀው ሰው ቅያሱን ወደ ታች ሲወርድ አየሁ። በብብቱ ትልቅ ነጭ ጥቅልል ይዟል። ከጥቅልሉ ውሃ ይንጠባጠባል።

ጋቢው ነው።

“ሌ...” አልኩ። “ሌ...”

“ሌላ አጀንዳ አለህ?” አለኝ ባለሱቁ።

ፊሽካው ደግሞ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌው ኳስ አጫዋች ይዋሰዋል። ግድግዳው ላይ የዕድሩ ጡሩምባ ተሰቅሎ አየሁ። አወረድኩትና እየነፋሁ ወጣሁ።

ያ ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን አላሰብኩትም። በሮች ሁሉ ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ያዩት እኔን ነው፤ ሐዘን ያልወጣለት ቤት ልጅ፣ ራሱ ጡሩምባ እየነፋ፣ ከመንፋቱ ብዛት ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እማዬ ደግሞ ሰሞኑን ከስታ ነበር። አንድ ሰው “እናቱ ናት” አለ፤ በቃ። ሰው ሁሉ እየጮኸ ወደ ቤታችን ወጣ። ቅያሱ ጠባብ ነው፤ ሌባውን መሀል አስገብቶ ወደ ኋላው ይዞት ወጣ። ሰውዬው ምን ያድርግ? ጥቅልሉን ፈታ፣ ትከሻው ላይ ጣለና ማልቀስ ጀመረ።

እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። በሩን ከፍታ ይህን ሁሉ ሰው ስታይ፣ “ማነው የሞተው?” አለች። የሰማት የለም። እሷም ማን እንደሞተ ሳታውቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች። ፊት ያሉት አይተዋት ደንግጠው ቆሙ። ከኋላ ያሉት ግን አላዩም። አንዲት ጎረቤት ደረቷን እየመታች የእማዬን ደግነት ትዘረዝራለች፤ ሰው የማትጠላ፣ ወንፊቷን እንኳን የማትሰስት እያለች።

እማዬ ልቅሶዋን አቆመች። “ወንፊቱን እኮ አልመለሰችልኝም” አለች።

ሳቁ ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ። እስከዚያ ድረስ ግን ድንኳኑ ደርሷል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ንፍሮ ተጥዷል። ሸማኔው ክንዴን ያዘኝ። “የሰውየውን ጋቢ አየኸው? ጥበቡ የእጄ ሥራ ነው። ለወንድምህ የሠራሁት ነው።”

ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። “አባባ፣ ያ ሰውዬ ሌ... ሌባ ነው” አልኳቸው።

“ለቅሶ የተቀመጠ ሰው አይያዝም።”

“ማንም እኮ አልሞተም።”

ድንኳኑን አዩ፤ ድስቱን አዩ። “ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰው ምን ብዬ ልመልሰው? ተቀመጥ።”

ሲነሳ እንይዘዋለን ብለን አምስታችንም ከነዱላችን ዙሪያውን ተቀመጥን። ሌባውም የገባው ይመስለኛል፤ አልነሳም። ንፍሮ ሁለት ጊዜ በላ። ጋቢው ገና እርጥብ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

“አወይ አንጀቱ” አለች አንዷ። “ለሟች ቅርብ ሳይሆን አይቀርም።”

“ለየትኛው ሟች?” አለቻት ሌላዋ።

“እሱን እንኳ አላወቅሁም።”

ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆን ሰዉ የወንድሜን ነገር አነሳ። ባለሱቁ፣ ወንድሜ በመጀመሪያው ሳምንት የገዛ ሱሪውን አጥቦ የሚሄድ ሰው ሌባ መስሎት ይዞ ቀበሌ ያደረሰበትን ቀን አወራ። ሱሪው ልክህ ካልሆነ የአንተ አይደለም ብሎ በሊቀመንበሩ ፊት አስለካው አሉ። ልኩ ሆነ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከስድስት ወር በኋላ መሳቋ ነው።

ከዚያ ተነሳችና ሌባው ጋ ሄደች። እኛም ዱላችንን አጠበቅን። የጋቢውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችው።

“ልጄ፣ አልደረቀም እኮ” አለችው። “ብርድ ይመታሃል።”

ከትከሻው ላይ ቀስ ብላ ገፈፈችው። ሰውዬው መሬት መሬት ያያል። “ይቅር ይበሉኝ እናቴ” አለ፣ በጣም ዝቅ ብሎ።

“በል እሳቱ ዳር ተሞቅና ሂድ። እናንተም ዱላችሁን አስቀምጡ።”

ሲሄድ እስከ በሩ የሸኘሁት እኔ ነኝ። የምይዘው መስሎት እየፈራ፣ “የሞተው ማነው ግን?” አለኝ።

“ወንድሜ” አልኩት። እስከዚያ ቀን ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ሌላ ሰው ነበር የሚናገርልኝ። ቃሉ ሳይይዘኝ ወጣ።

“መቼ?”

“በጥር።”

ወራቱን ሲቆጥር ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ግራ ገባው። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አለና ወረደ።

ስመለስ እማዬ ጋቢውን ገመዱ ላይ እንደገና ሰቅላው ነበር። ስለገባሁላት ቃል አንድም ነገር አልተናገረችኝም። ከድንኳኑ አንድ አግዳሚ ጎትታ ከጋቢው ሥር ተቀመጠች፣ ትንሽ ጠጋ ብላም ቦታ ተወችልኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። እስኪደርቅ ሁለት ቀን ፈጀ።