እንቢ ያለው የየሺሃረግ አበባ

አያ አረጋን በሽንኩርት የሚስተካከለው የለም። ላሊበላ ገበያ ሽንኩርቱ ገና ከአህያ ሳይወርድ ገዢ ይከበዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በአንዲት መደብ አበባ ግራ ተጋብቶ ከረመ።

አበባው የሟች ሚስቱ የየሺሃረግ ነው። ከምታጸዳበት ሆቴል ግቢ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች የሚያካክሉ ሥሮች አምጥታ ጓሮ ተከለችው። በየዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሮዝ ያብብ ነበር ይባላል። ይባላል የምለው፣ አረጋ ያን ሰሞን ከወንዝ ዳሩ የመስኖ ማሳው ስለማይጠፋ አንድም ቀን አላየውም። እሱ የሚያውቀው መቆጣት ነው፦ "አበባ ይበላል? መሬቱን አባከንሽው!"

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ስትሞትበት ቁጭት ያዘውና አበባውን ልያዝላት አለ። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲደርቅ ውሃ ከለከለው። የኅዳር ውርጭ ሥሩን እንዳያቃጥለው የጤፍ ገለባ አለበሰው። ዝናቡ ሲቃረብ ገለባውን ገለጠ፣ ኮተኮተ፣ ፍግ ጨመረ። ሥሩ ተራብቶ መደቡን ሞላው። አበባ ግን የለም። በዓመቱም የለም።

ጎረቤቱ አሰለች "አፈሩ ነው" አለችው፤ አፈር ቀየረ። ቄስ ገብረ ሊባኖስ "ጸበል እርጭበት" አሉት፤ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም አምጥቶ ረጨ። ምንም! ግራ ቢገባው "የሺ ተቀይማኛለች" አለ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በልጉ እንደጣለ፣ ሙጃ ከተማ የምታስተምረው ልጁ ማኅሌት ለፋሲካ መጣች። ጠዋት ጓሮ ብትወጣ አባቷ መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል።

"አባባ፣ ምን እየቀነጠሱ ነው?"

"መሐሉን ነዋ! ሽንኩርት ከመሐሉ አገዳ ሲያወጣ ካልቀነጠሱለት ሥሩ ይኮሰምናል። ይኸንንም ልታስተምሪኝ ነው?"

"በየዓመቱ ይቀነጥሱታል?"

"አንድም አምልጦኝ አያውቅ!"

ማኅሌት ከመዳፉ አንዱን አገዳ አንስታ ጫፉን በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ውስጡ ተጣጥፎ የተኛ ሮዝ አበባ ነበር። ልትስቅ ከጀላት፤ ፊቱን አይታ ተወችው።

አረጋ እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ አለ።

"አልተቀየመችኝም ኖሯል" አለ። "በየዓመቱ መጥታልኛለች። ገና ብቅ ስትል የምቀጥፋት እኔው ነኝ።"