የሥራ አስኪያጁ ካባ

ሰውየው የክለባችን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲመጣ ስለ እግር ኳስ የሚያውቀው ኳሷ ክብ መሆኗን ብቻ ነበር፤ እሱንም ሰው ነግሮት ይመስለኛል። ከዚያ በፊት የውሃ ፋብሪካ መርቷል፤ ፋብሪካው ተዘጋ። ሆቴል መርቷል፤ ሆቴሉ ተሸጠ። እኛ አገር ግን አንዴ ሥራ አስኪያጅ የተባለ ሰው ወደ ታች አይወርድም፤ ወደ ጎን ይሄዳል። ወደ ጎን ሲሄድ ሲሄድ እኛ ላይ ደረሰ።

እኔ የቡድን መሪ ነበርኩ። የቡድን መሪ ማለት ተጫዋች ሲታመም ሐኪም ቤት የሚወስድ፣ አውቶብስ ሲበላሽ ሾፌሩን የሚያረጋጋ፣ አለቃ ሲናገር ደግሞ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ነው። እኔ ብዙ ነቅንቄያለሁ። ቢሯችን ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት በላይ፣ የእንጨት ደረጃ ባለው አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ያ ቤት አሁን ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ሰውየው በደረጃው ጩኸት ማን እየመጣ እንደሆነ ይለይና፣ የመጣው ጥያቄ ያለው ሰው ከሆነ በሩን ዘግቶ ስልክ ያናግራል፤ ማንም ሳይደውልለት።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በመስመር ዳኛ ውሳኔ ተሸነፍን። በማግስቱ ሰብስቦን፣ «ይሄ ዳኛ የየት ሰፈር ሰው ነው? ለምን ሽማግሌ አንልክበትም?» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። የተጫዋች ቅያሪን «ሹም ሽር» ነበር የሚለው። ጨዋታ መሀል ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ «ዛሬ ሹም ሽር የለም እንዴ?» ሲለኝ ፊቴን ወደ ሜዳው አዞር ነበር።

ይህ ሁሉ ይታለፋል፤ ኳስ አለማወቅ ኃጢአት አይደለም። እኔ የናቅኩት በሌላ ነው። ሰውየው ሰው ፊት ለፊት አይቶ «በቃህ» ማለት አይችልም ነበር። ሊያባርርህ ሲፈልግ ያከብርሃል። ሽሮ ሜዳ ደንበኛ የሆነው ሰፊ ነበረው፤ እዚያ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ያሠፋልሃል። ከዚያ የምሳ ግብዣ ያዘጋጃል፣ ከደጋፊዎች መካከል አንድ ትልቅ ሰው ይመርጣል፣ «ባለውለታችን» እያለ ንግግር ያደርጋል፣ ካባው ትከሻህ ላይ ይደረባል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ፎቶ ትነሳለህ። ካባ የለበሰ ሰው እንግዳ ፊት «ለምን?» አይልም። ሲያከብሩህ ማጉረምረም ነውር ነው፤ እሱም ይህን ነውራችንን ጥሩ አድርጎ ያውቃል። በነጋታው ሥራ ስትገባ ጥበቃው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! አሁንማ ይረፉ እንጂ» ይልሃል።

መጀመሪያ የአውቶብሱን ሾፌር አለበሰው። ቀጥሎ የስንቱን ቁርጭምጭሚት ያቃናውን ወጌሻችንን። ወጌሻው ካባውን እንደለበሰ ሲያለቅስ፣ ደስታ ነው ብለው ያጨበጨቡለት ነበሩ። የእሪ በከንቱ ሰፈር ደጋፊዎቻችን ግን የሚሸወዱ አይደሉም። «እከሌ ተባረረ» ማለት ትተው «እከሌ ተሸለመ» ማለት ጀመሩ። ተጫዋች ኳስ ሲያበላሽም ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ካባ! ካባ!» ይሉታል።

አሰልጣኛችን ትልቅ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ተከላካይ ነበሩ፤ ትከሻቸው ዛሬም በር ይዘጋል። ያንን ቡድን ከሰፈር ልጆች ለቃቅመው የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ዓመትም ወደ ላይኛው ሊግ ለማለፍ ጥቂት ጨዋታ ብቻ ቀርቶን ነበር። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ሥራ አስኪያጁን፣ «ውድድሩ እስኪያልቅ ከልጆቼ ጋር ልቆይ። ከዚያ ማንም ሳይነግረኝ እሄዳለሁ» አሉት። ሌላ ምንም አልጠየቁትም።

«ምን ነካዎት ጋሼ! እርስዎ እኮ ግድግዳችን ነዎት!» ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

ከሰዓት በኋላ ጠራኝና፣ «የጋሼን የትከሻ ልክ በዘዴ ፈልግልኝ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ቀጥታ ወርጄ አሰልጣኙ ማኪያቶ የሚጠጡበት ቤት ሄድኩና ነገርኳቸው። ስኒያቸውን አዟዟሩ።

«ልኬን ንገረው» አሉኝ በመጨረሻ።

«ጋሼ፣ ይቅሩ እንጂ! አመመኝ ይበሉ።»

«ብቀር ንቆን ነው ይላሉ። ካባውንም ቤቴ ድረስ ይልከዋል። ንገረው፤ ብቻ በትክክል ንገረው።»

ግብዣው ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነበር። አዳራሹ በደጋፊ ሞልቷል። የክለቡ የቦርድ ሰብሳቢም መጥተው ነበር፤ ለቦታው አዲስ ናቸው፣ ሜዳም ረግጠው ስለማያውቁ ካባው እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አልሰሙም። ሰውየው ስለ ውለታ ተናገረ፣ ስለ ታሪክ ተናገረ፣ ስለ አባቶች ተናገረ፤ የአሰልጣኙን ስም ግን አላነሳም። ሲጨርስ የደጋፊዎቹ ሽማግሌ ካባውን ይዘው ተነሡ። አሰልጣኙም ተነሡና፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ለእኔ ይስጡኝ» ብለው ካባውን ተቀበሏቸው።

«ይሄ ሰው» አሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ እየሄዱ፣ «ሁላችንን ሲያለብስ ከርሞ ለራሱ አንድ ቀን እንኳ አልለበሰም። ከእሱ በፊት እኔ ብለብስ ነውር ነው።» አሉና ደረቡለት።

«ኧረ ጋሼ! ኧረ አይገባም! አይገባኝም!» ብሎ ተንፈራገጠ። እኛ ዘንድ ደግሞ የተከበረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። የሰማው ሁሉ ትሕትና መሰለው። ከኋላ አንድ ድምፅ «ካባ!» አለ፤ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ «ካባ! ካባ!» እያለ ያጨበጭብ ጀመር። እልልታው ሌላ ነው። ሰብሳቢው ይህን ሲያዩ የመሰናበቻ ግብዣ መስሏቸው ተነሡና፣ «እስከ ዛሬ ላበረከቱት አገልግሎት ቦርዱ ያመሰግናል፤ በሚሄዱበት ሁሉ ይቅናዎት» ብለው ጨበጡት።

«እኔ የትም አልሄድም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አፉን ከፈተ። አየኝ፣ አሰልጣኙን አየ፣ ፎቶ አንሺውን አየ። ካባው ለሰፊ ትከሻ የተሠፋ ስለሆነ ከጠባብ ትከሻው ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግረው ነበር። በሁለት እጁ ያዘውና ለፎቶው ፈገግ አለ። ወጌሻው ቢያንስ አልቅሷል። ይሄ ለራሱ እንኳ የምታለቅስ ወኔ አልነበረችውም።

ቦርዱ ወዲያው ሌላ ሰው ተካ። አሰልጣኙ ዓመቱን ከልጆቻቸው ጋር ጨረሱ። የመጨረሻውን ጨዋታ አቻ ወጥተን ሳናልፍ ቀረን፤ ልጆቹም እዚያው ሜዳው ላይ ተዘርረው አለቀሱ። እሳቸው አንድ በአንድ እያነሡ አቀፏቸው፣ ቦርሳቸውን አነገቱ፣ ዓመቱን ሙሉ በለበሷት በነጣች ቱታቸው ወደ አምስት ኪሎ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ማንም ምንም አልደረበላቸውም። ከኋላቸው ሳያቸው ኮራሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እዚያው ማኪያቶ ቤት ከአሰልጣኙ ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ ስልኬ ላይ አንድ ዜና መጣልኝ። ያ ሰው ከእኛ የሚበልጥ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። ፎቶው የእኛው አዳራሽ ፎቶ ነው፤ ካባውን ለብሶ ፈገግ ብሏል። ሥሩ «በገዛ አሰልጣኙ እጅ ካባ የተደረበለት አንጋፋ የስፖርት መሪ» ይላል። ስልኩን ለአሰልጣኙ ሰጠኋቸውና፣ «ይኸው! እኛው ሸልመን ላክነው» አልኩ።

መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ብዙ አዩት፣ መለሱልኝ።

«ካባው አሁንም ሰፍቶታል» አሉ።