የጥጋቡ «ኸላስ»

ጥጋቡ ዐረቄ የጀመረው ለወገቡ ብሎ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ሲሚንቶ ሲሸከም ይውልና፣ ከወንዙ ማዶ ካላክላ ሰፈር አብረን ወደተከራየናት ክፍል ሲመለስ አንዲት መለኪያ ጠጥቶ ይተኛል። በሱዳኖቹ አብዮት ጊዜ ወደ ባሕሪ የሚያሻግረው ድልድይ ሲዘጋ ሥራ ጠፋ፤ እሱም ከጠዋት ጀምሮ መጠጣት አመጣ። ድልድዩ ሲከፈት ደግሞ እጁ ካልጠጣ አልታዘዝ አለው።

ምክሬም ስድቤም አለቀ። መልሱ ሁልጊዜ አንዲት የዐረብ ቃል ናት፦ «ኸላስ!» በቃኝ፣ ተውኩ ማለቱ ነው።

ትናንትም በእናቱ ምሎ «ኸላስ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ፍለጋ ብወጣ ዐረቄ ሻጯ ቤት አገኘሁት። ሱዳናዊቷ ሻጭ ብርጭቆውን አየችና «ኸላስ?» አለችው፤ አለቀ ወይ ማለቷ ነው።

«ኸላስ» አላት፣ ብርጭቆውን እየገፋላት።

ቀዳችለት።