የዳነው እግሬ

በደርግ ጊዜ አቃቂ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ክር አጠነጥን ነበር። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቃሊቲ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ ስወርድ አዳለጠኝና ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ።

ፋብሪካው ውስጥ እኛ ክፍል ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የተበጣጠሰ ክር መለየት። እሱን የምትሠራው አንዲት የወሎ ሴት ነበረች፤ የከባድ መኪና ሹፌር ሚስት፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች። እያነከስኩ ስገባ ስታየኝ ከዱካዋ ተነሣች።

«አብሽሪ፣ አንቺ ተቀመጪ። እኔ ገና አልከበደኝም» አለችና ማሽኔ ፊት ቆመች።

በአሥር ቀን እግሬ ዳነ። ማነከሴን ግን አልተውኩም። ጠዋት ስገባ «እግርሽ እንዴት አደረ?» የማይለኝ የለም። አንዲት ጠና ያሉ የጉራጌ ሴት የማሽበት ቅቤ ያመጡልኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዴት አደርሽ ብሎ መልሴን የሚጠብቅ ሰው አልነበረኝም። ለራሴም «ሲበርደኝ ይጠዘጥዘኛል» እለው ነበር፤ ደጋግሜ ስለው እውነት መሰለኝ።

አንድ እሑድ ሳሪስ አቦ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ዝናብ ድንገት ወረደ። ዘንቢሌን ይዤ እየዘለልኩ ሮጥኩና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ዞር ስል ያቺ የወሎ ሴት አጠገቤ ቆማለች። እግሬን አየች፤ ፊቴን አየች።

«ተሻለሽ?»

«ዝናቡ አስረስቶኝ ነው» አልኩ።

«ደግ ዝናብ ነው» አለችና ሣቀች። እስኪያባራ ስለ ጭቃው አወራን።

በማግስቱ ፋብሪካ ስገባ ለማንም አልተናገረችም። ዱካው ባዶውን ይጠብቀኛል፤ እሷ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ማሽኔ ፊት ቆማለች። ሆዷ ገፍቷል። ስንት ቀን አይቼ እንዳላየ ማለፌ ያኔ ገባኝ። ምንም አያመኝም፣ የፈለግኩት እንዲታዘንልኝ ነው አልኩ በልቤ። ዱካውን አንሥቼ ወሰድኩላት።

«ተቀመጪ። እግሬ ከዳነ ሰንብቷል።»

«መቼ ትነግሪኛለሽ እያልኩ ነበር» ብላ ተቀመጠች።

ለሌሎቹ መናገር ቀረኝ። የዚያን ቀን ከሥራ መልስ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ነበረን፤ እያንዳንዱ እየተነሣ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ጥፋቱን በሰው ፊት ይናገራል። ሁሉም «ለጥናት የምሰጠው ትኩረት አናሳ ነው» ብሎ ይቀመጣል። እኔም ያንኑ ስል ከርሜያለሁ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

«እግሬ ከዳነ ሦስት ሳምንት ሆኖታል» አልኩ። «ሳነክስ የነበርኩት እንድታዝኑልኝ ነው። ብቻዬን ስለምኖር፣ ስትጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን እንደያዘ ግራ ገባው። «ይኼን በምን ርዕስ ሥር ልጻፈው?»

«ቅቤዬን ትመልስ ብለህ ጻፍልኝ» አሉ የጉራጌዋ ሴት ከኋላ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ፤ ሰብሳቢው ራሱ አቀርቅሮ ሣቀ።

ሁሉም ግን አልሣቀም። ምሳዬን ታመጣልኝ የነበረች አንዲት ልጅ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። እውነቷን ነበር፤ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ቅዳሜ ስወጣ የጉራጌዋ ሴት በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ብቻሽን ከሆንሽ ብቻዬን ነኝ አትዪም? ነይ፣ ቤት ቆጮ አለ።»

«እሺ፣ ልምጣ» አልኳቸው። ልጆቻቸው መሐል ተጣብቄ ተቀምጬ እስክጠግብ በላሁ።