በባሏ ስም የገዛሁት መኪና

ልጄ አዋላጅ ነርስ ናት። የምትኖረው ከባሏ ጋር እዚሁ ከሚሴ፣ የምትሠራው ግን ከጨፋ ሮቢት ወደ ውስጥ ገባ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። ጠዋት ጠዋት ሱብሂን ሰግዳ ትወጣና አስፋልት ዳር ባጃጅ ስትጠብቅ ትቆማለች። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ባጃጆቹ ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ስለሚውሉ የተገኘው ላይ ተጨናንቃ ትሄዳለች። ያለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ ከአቅሙ በላይ የጫነ ባጃጅ ተገልብጦባት የግራ እጇ አንጓ ወለም አለ። ያንኑ ቀን እጇን በፋሻ አስራ ሥራዋ ገባች። እናቷ ናት የነገረችኝ፤ ልጄ ለእኔ እንዲህ ያለውን አትነግረኝም።

እኔ ዕድሜዬን ከባድ መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጆቼ ያደጉት እኔ መንገድ ላይ ሆኜ ነው። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ያረጀውን አይሱዙዬን ሸጥኩና ቤት ተቀመጥኩ። ገንዘቡን ምን ላድርገው እያልኩ ሳሰላስል ነበር ያ የታሰረ እጇ የታየኝ። የቤንዚን መኪና፣ ያገለገለው እንኳ፣ የሚቀመስ አልነበረም። በኤሌክትሪክ የምትሄደው ትንሿ የቻይና መኪና ግን አቅምህ ይችላታል አሉኝ።

"ልጄ፣ መኪና ልገዛልሽ ነው" ስላት መጀመሪያ አላመነችኝም። ኋላ ግን በስልኳ ስታገላብጥ፣ ሰው ስትጠይቅ ከረመች። አንዴ ተሞልቶ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ የቆላውን ሙቀት ይችል እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ባለው ሶኬት ይሞላ እንደሆነ ሁሉንም አጣራች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች፤ ከደመወዟ ቆጥባ ደሴ እየተመላለሰች ነው የተማረችው። እኔ ሹፌሩ አባቷ አንድም ቀን መሪ አስይዣት አላውቅም።

አዲስ አበባ አብረን ሄድን። መኪናውን መረጥን፤ ነጭ ነው። ዙሪያውን ሁለት ሦስቴ ዞረችው፣ በሩን ከፍታ ዘጋችው፣ ወንበሩን ወደፊት ስባ ተቀመጠችበት። ከዚያ ወረቀት ለመጨረስ ቢሮ ገባን።

"ሊብሬው በማን ስም ይሁን?" አለች ጸሐፊዋ።

ልጄ መታወቂያዋን አስቀድማ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ነበር። እኔ ደግሞ እጄን ወደ ኮቴ ኪስ ሰደድኩና የባሏን መታወቂያ ኮፒና ከከሚሴ ሳልነሳ ያስጨረስኩትን ውክልና አወጣሁ።

"በባሏ ስም ይሁን" አልኩ።

ጸሐፊዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። ልጄ መታወቂያዋን ቀስ ብላ አነሳችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባሏ ነገሩን ካወቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ውክልናውን የፈረመልኝ እሱ ነዋ። እሷ ያወቀችው እዚያ ጠረጴዛ ፊት ነው።

ለምን እንዲህ አደረግክ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ያን ጊዜ መልስ ነበረኝ። ባል እያላት በሴት ስም ማድረግ አማቼን መናቅ መስሎ ታየኝ። ሰውየው አንገቱን ይደፋል፣ ሰፈሩም ያወራል አልኩ። ትዳሯን የጠበቅኩላት መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እሷን መጠየቅ እንዳለብኝ በሐሳቤም አልመጣም።

ከአዲስ አበባ ስንወጣ እሷ ናት የነዳችው። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ካነሳሁት ወሬ አንዱንም አልተቀበለችኝም። ባትሪ የሚሞላበት ሆቴል አግኝተን አደርን። በማግስቱ ጣርማበርን ስንወርድ ግን፣ መስታወቱ ሥር ያለውን የባትሪ ቁጥር አየችና ኩርፊያዋን ረስታ ሳቀች።

"አባ፣ እየው! ስንወርድ ይሞላል!"

እውነቷን ነው። ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር ባትሪው ይጨምራል። እኔ ያንን መንገድ የጋለ ፍሬን እየሸተተኝ፣ ሸሃዳ እየቀራሁ ነው የወረድኩት፤ ልጄ እየሳቀች ወረደችው። ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ ቁጥሩን ስንጠብቅ እንደ ልጅ ተጫወትን። ከእሷ ጋር እንዲያ የሳቅኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ከሚሴ ስንደርስ አማቼ በግ አርዶ ጠበቀን። ዱዓ ተደረገ፣ ጎረቤት ማሻአላህ አለ። አማቼ እጄን ሳመ፤ ከዚያ ወደ ልጄ ዞሮ መዳፉን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠችው።

መጀመሪያ አካባቢ "እኔ አደርሳታለሁ፣ ለሴት መንገዱ ጥሩ አይደለም" ይል ነበር። እውነትም ጥቂት ቀን አደረሳት። እህል ደላላ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ በመኪናው ሰንበቴ ገበያ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ ማለት ጀመረ። ማታ ባዶ ባትሪ ይዞ ይገባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጠዋት "ቻርጅ አልያዘም" ይላታል። እሷ ተመልሳ አስፋልት ዳር ቆመች።

ይህን ሁሉ ቀስ በቀስ ሰማሁ፤ ሰምቼም እንዳልሰማ ሆንኩ። አንድ ቀን ቅር ብሏት ልትነግረኝ ስትጀምር "ኦብሲ ልጄ፣ ታገሺ፤ ትዳር ነው" ብዬ አቋረጥኳት። ሁለተኛ አላነሳችብኝም።

ታዲያ አንድ ቀን፣ የአስር ሶላት ሰግጄ ጎሚስታው ደጅ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ከባድ ዝናብ ወረደ። ነጩ መኪና ሦስት ሰዎች ጭኖ መጣ። አማቼ እኔን ሲያይ መኪናውን ቀዝቀዝ አደረገና መስታወቱን ዝቅ አድርጎ "አሰላሙ አለይኩም፣ አባ!" ብሎኝ አለፈ። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። እሱ ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ባጃጅ ቆመና ልጄ ወረደች። ነጭ ጋውኗን በፌስታል ጠቅልላ ጉያዋ ይዛለች፤ ሻሿ ከራሷ ላይ ተጣብቋል። ወደ እኛ አየች። ጓደኞቼ መሬት መሬቱን አዩ። እሷ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችንና በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ አልነበረም። "ልናገረው ነው፤ መኪናው ያንቺ ነው" አልኳት።

የምታጥበውን ልብስ ሳትተው "የኔ አይደለም፣ አባ" አለችኝ። "እሱ ምን ነጠቀኝ? አንተ ነህ የሰጠኸው።"

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። አማቼ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መጣ፣ በትሕትና ተቀመጠ። ሁሉንም ነገር ከተናገርኩ በኋላ ተራው ሲደርሰው ንግግሩ አጭር ነበር።

"አባ በሰው ፊት ሰጡኝ፣ በስሜ ጻፉልኝ። እኔ አልለመንኳቸውም። አሁን ሰጥተው መልሰው ይወስዳሉ?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አብሮኝ ብዙ ዓመት መንገድ የበላ ሰው፣ ወደ እኔ ዞረ። "ወንድሜ፣ በስሙ ያጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አስገድዶህ ነው?"

"ወላሂ፣ አላስገደደኝም።"

ሌላ የሚጠየቅ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት እንዲያደርሳት ተስማምተው በፋቲሓ ተነሱ። ልጄ ጉዳዩ የእሷ ሆኖ ሳለ፣ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር እንጂ ማንም "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላላትም። እኔም አላልኳትም። ይህንንም ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ የሆነውን ስነግራት ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል ሰማችኝ።

"አባቴ የሰጠኝን ላም ትዝ ይልሃል?" አለችኝ።

ትዝ ይለኛል። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ለመጀመሪያ መኪናዬ ማሟያ ሸጥኳት። ነጂ ሆኜ ገንዘብ ስይዝ እተካልሻለሁ ብያት ነበር።

"ያኔም ዝም አልኩ" አለች። "ልጅቱ ዝምታን ከማን የተማረች መሰለህ?"

ያቺን ላም ስሸጥ ሚስቴ እንዳዘነች አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። ይኸውና አማቼን ክፉ ስለው የሚከሰሰው ሰው እኔ ራሴ ሆንኩ።

የሽማግሌው ስምምነት አንድ ወር አልሞላም። ከዚያ አማቼ መኪናውን ኮምቦልቻ ወስዶ ሸጠው። ሚስትም መስማማት አለባት ተብሎ ልጄ ፈርማለች። ስሰማ እየተጣደፍኩ ቤቷ ሄድኩ።

"እንዴት ትፈርሚያለሽ? እምቢ ብትይ እኮ አይሸጥም ነበር!"

"ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ" አለች። "እምቢ ማለት የተውኩት እዚያ አዲስ አበባ ነው። አሁን ሌላ ነገር ነው የያዝኩት።"

የያዘችው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ በቀጣዩ ሰኞ ነው። ጨፋ ሮቢት አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ጓዟን ባጃጅ ላይ ጭና ሄደች። ባሏን አልፈታችም፤ አልተጣላችም። "ለሥራዬ ይቀርበኛል" አለች፣ በቃ። እሱ ሁለቴ ሽማግሌ ላከ፤ እኔን ግን አማላጅ ሁን አላለኝም። በእኔ በኩል ምንም እንደማይሆንለት ገብቶታል መሰለኝ።

እናቷ በየሳምንቱ ትሄዳለች፣ አድራም ትመጣለች። ስትመለስ የሆነ ነገር ያሳሳቃት ይመስላል፤ ብጠይቃት "የሴት ወሬ ነው" ትለኛለች። እኔ የሄድኩት አንዴ ነው። ማርና አንድ ኩንታል ማሽላ ይዤ፣ እንደ እንግዳ በሩን አንኳኳሁ። ክፍሏ ጠባብ፣ ንጹሕ ነው። ሻይ አፈላችልኝ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ መድኃኒቴም ጠየቀችኝ፤ በሽተኛ እንደምትጠይቅ በደግነት። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ የነበረችውን ልጅ በፊቷ ላይ ፈለግኳት፣ አጣኋት።

"አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። አውፍ በይኝ" አልኳት በመጨረሻ።

"አውፍ ብያለሁ፣ አባ" አለች ወዲያው። በጣም ቶሎ ነው ያለችው። ብታመነታ፣ ብትቆጣ፣ ቢያንስ ገና ከእኔ የምትጠብቀው ነገር እንዳለ አውቅ ነበር።

ወደ ከሚሴ የሚሄድ ሚኒባስ ድረስ ሸኘችኝ። ፊት ወንበር እንድቀመጥ አደረገች፣ በሩን ዘጋችልኝ፣ ሹፌሩንም "አባቴን ቀስ ብለህ አድርስልኝ፣ ጉልበቱን ያመዋል" አለችው። እጄን ላውለበልብላት ስዞር ጋውኗን እየለበሰች ወደ ጤና ጣቢያዋ ታጥፋ ነበር። ሚኒባሱ ገና አልተንቀሳቀሰም ነበር።