ከእህታቸው ደጃፍ ሁለት እርምጃ

ጋሽ መዶሻ ሲራመዱ ያየ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ቁመታቸው የስልክ እንጨት፣ እርምጃቸው የድመት። ምክንያቱን የሚያውቁት የሰፈሩ የድሮ ሰዎች ናቸው። ጋሽ መዶሻ ሃያ ስድስት ዓመት ሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። በየማለዳው መዶሻቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከሐዲዱ ሥር የተጋደሙትን እንጨቶች አንድ በአንድ እየረገጡ ስምንት ኪሎ ሜትር ይሄዱ ነበር። ብሎኑን መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያቀናሉ፤ የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ያጉረመርማል። እንጨት ከእንጨት ያለው ርቀት እግራቸውን ገራው። ባቡሩ ቀረ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ተጫነ፣ እንጨቱም ማገዶ ሆነ። እርምጃው ግን እሳቸው ጋ ቀረ።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት ያንኑ መስመር ይሄዳሉ። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ግራ ይገባዋል። ቀጥ ብሎ የመጣው መንገድ ፋርማሲው ጋ ሲደርስ ያለ አንዳች ምክንያት እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ፋርማሲው ራሱ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ባለቤቱ መደርደሪያ ለማሠራት ሦስት አናጢ ለውጧል። የዳቦ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ዞር ብሎ፣ የተኳረፈ ይመስል ቆሟል። ለጋሽ መዶሻ ግን ይህ ሁሉ ግልጽ ነው። መንገዱ የሚጎብጠው ባቡሩ እዚያ ጋ ወደ ጣቢያው ይዞር ስለነበር ነው። ዳቦ ቤቱም ምድጃውን የተከለው ሐዲዱ በነበረበት ላይ ነው።

"ጋሽ መዶሻ፣ ዛሬም ባቡሩ አረፈደ?" ይላቸዋል ዳቦ ጋጋሪው ሁሌም።

"አንተ መሐሉ ላይ ምድጃ ተክለህ በየት በኩል ይምጣ?"

ሁሌም ይሳሳቃሉ። ከዳቦ ቤቱ አልፈው የእህታቸው ቤት ሲደርሱ ግን ጋሽ መዶሻ አይስቁም። እዚያ ጋ እርምጃቸው ትንሽ ይፈጥናል።

እህታቸውን ሰፈሩ እትዬ ጥጌ ይላቸዋል፤ ቤታቸው ጥግ ብቻ ስለሆነ። ከኋላው ጥልቅ የውሃ ቦይ አለ፣ ከፊት ለፊቱ መንገዱ። በዚህ መሐል የተወሸቀው ቤት በአንዱ ጫፍ በር ያህል ሰፍቶ በሌላው ጫፍ ክርን ያህል ይጠብባል። አልጋ ወደ ጎን አይገባም። አራት ልጆች በቁመት ተደርድረው፣ ያንዱ እግር ያንዱን ራስ እየነካ አደጉበት። የመጀመሪያው ልጅ ቁመቱ በአጎቱ ወጣ። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው "እማዬ፣ እኔ ስተኛ በሩ አይዘጋም" ብሎ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሄደ። አሁንም በዓመት አንዴ ይመጣል፤ የሚያድረው ግን እንግዳ ማረፊያ ነው።

ያንን መሬት የለኩት ጋሽ መዶሻ ናቸው። መስመሩ ሲዘጋ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛ ቤተሰቦች ከሐዲዱ ዳር ቦታ ይሰጥ ነበርና ወሰኑን እንዲያበጁ የታዘዙት እሳቸው ነበሩ። ትእዛዙ ቦታው ከሐዲዱ መሐል አሥር እርምጃ ርቆ ይጀምር የሚል ነበር፤ እርምጃውም የእሳቸው። ለሰው ሁሉ አሥር ለኩ፣ ወሰኑ ላይም ቁራጭ ሐዲድ ቀበሩ። ተራው የእህታቸው ሲደርስ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። "ለእህቱ አደላ" እንዳይባል ፈሩ። አሥራ ሁለት ለኩ፤ የእህታቸው ቦታ ሁለት እርምጃ ወደ ቦዩ ተገፍቶ ጠበበ። በአሥረኛው እርምጃ ላይ አስቀድመው ከሌሎቹ ጋር በሰልፍ የቀበሩትን ብረት በማግስቱ ማንም ሳያይ በመዶሻቸው መትተው መትተው አሰመጡት፣ አፈር መለሱበት። ባቡሩም ተመልሶ አልመጣም፤ ሌላው ሁሉ ወሰኑን አልፎ ሐዲዱ የነበረበት ድረስ ሠራ። እትዬ ጥጌ ብቻ ወንድማቸው ካሉት ቦታ ንቅንቅ ሳይሉ ቀሩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ መዶሻ ሲደርሱ እህታቸው ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከማዘጋጃ ቤት የመጣች ወጣት ቀያሽ ሜትሯን እየጠቀለለች ነው።

"እማማ፣ ስድስት ካሬ ሜትር ይጎድላል" አለች። "ከልኩ በታች ለሆነ ቤት ካርታ አይሰጥም። ካርታ የሌለው ደግሞ መንገዱ ሲሰፋ ይነሳል።"

"ወዴት ነው የሚነሳው? ቆሞ መቼ ያውቃል፣ ተሸጉጦ ነው እንጂ የኖረው" አሉ እትዬ ጥጌ።

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

ቀያሿ አንገቷን ነቀነቀች። "የድሮው ወሰን ወደ መንገዱ ይገባ ከነበረ መጨመር እችላለሁ። ግን ምልክት ያስፈልገኛል። የሚያውቅ ሰው አለ?"

ሰው ሁሉ ዞሮ ጋሽ መዶሻን አየ።

"እሳቸው ካሉ አለቀ" አለ ዳቦ ጋጋሪው። "የእሳቸው እግር ካንቺ ሜትር ይበልጣል። ለገዛ እህታቸው እንኳ ያላዳሉ ሰው ናቸው!"

ይህን ምስጋና ጋሽ መዶሻ ሠላሳ ዓመት ሲሰሙት ኖረዋል። ዛሬም አላውቅም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም። ስማቸው እንደተከበረ ይኖራል፤ ቤቱ ይፈርሳል።

"መዶሻዬን አምጡልኝ" አሉ። "ዲጂኖም።"

መጣላቸው። መንገዱ መሐል፣ እሳቸው ብቻ በሚያውቁት በድሮው ሐዲድ መሐል ቆሙና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየቆጠሩ ተራመዱ። አሥር ሲሉ ቆሙ። የእህታቸው በር ገና ሁለት እርምጃ ይቀረዋል። ዲጂኖውን አፈሩ ላይ አቁመው በመዶሻው መቱት። ድምፁ ታፈነ። ትንሽ ፈቀቅ አደረጉት። አሁንም ታፈነ። ሦስተኛው ላይ ጥርት ብሎ ጮኸ።

ዳቦ ጋጋሪው ተንበርክኮ በእጁ ጫረ። ከአንድ ስንዝር በታች የዛገ የሐዲድ ራስ ብቅ አለ።

"ወሰኗ ይሄ ነው" አሉ ጋሽ መዶሻ። "ያሰመጥኩት እኔ ነኝ። ለሰው ሁሉ አሥር ለክቼ ለእሷ አሥራ ሁለት ለካሁ። እንዳልታማ ብዬ።"

ቀያሿ ብረቱን ፎቶ አነሳች፤ ከዚያ ስትለካ ቆይታ ቀና አለች። ከሁለቱ እርምጃ ወደ መንገዱ ባለው ላይ የውሃ ቧንቧ አልፏል፤ እሱ አይነካም። ሌላኛው እርምጃ ግን ለቤቱ ይሰጣል። ፊቱ አሥራ አንድ ሜትር ስለሆነ ከስድስቱ ካሬ ሜትር ትንሽ ያልፋል።

"ለካርታው ይበቃል፣ እማማ። ቤትዎ አይነሳም።"

እትዬ ጥጌ አልሰሟትም። ብረቱን ነው የሚያዩት።

"ጋሼ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሁለት እርምጃ እኮ አንድ አልጋ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ትለኝ ነበር። እኔ ከመቃብር በፊት ልጄን የማስተኛበት ነበር የቸገረኝ።"

"አውቃለሁ፣ እህቴ።"

"ታውቃለህ! ሲሄድ ሻንጣውን የተሸከምክለት አንተ አይደለህ? ያኔም ታውቅ ነበር?"

ጋሽ መዶሻ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "ያኔም አውቅ ነበር። አንድ ቀን እነግራታለሁ ስል፣ እየዋለ እያደረ ከበደኝ።"

እትዬ ጥጌ ገብተው ስልካቸውን ይዘው ወጡ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ቁጥር ራሳቸው ነኩና ሰጧቸው። "ለእኔ ነገርከኝ። ለእሱ ደግሞ ራስህ ንገረው። እኔ አላስታርቃችሁም።"

ጋሽ መዶሻ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ብሎን እንደሚያዳምጡ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆሙ። ልጁ ሲያነሳ ሳያስተባብሉ፣ ሳያሳጥሩ ነገሩት።

"ጋሼ" አለ ልጁ፣ "እኔ እኮ እስከ ዛሬ ቁመቴ ነበር ጥፋቱ የሚመስለኝ።"

"አልነበረም፣ ልጄ። አልነበረም።"

"እሺ" አለና ዘጋው። እሺታው የምን እንደሆነ ጋሽ መዶሻ ሊለዩት አልቻሉም። ጠበቀ አይሉት፣ ላላ አይሉት።

ሰው ተበተነ። ቀያሿም ችካሏን ተክላ ሄደች። እትዬ ጥጌ አዲሱ ችካል ጋ ቆመው የፊቱን ግድግዳ በዓይናቸው ገፋ አደረጉት።

"ግድግዳው አንድ እርምጃ ከወጣ በሰፊው በኩል አልጋ ወደ ጎን ይገባል?"

"ልለካልሽ" አሉ ጋሽ መዶሻ ፈጠን ብለው።

"አንተ ተው!" አሉ እትዬ ጥጌ። "ዳቦ ጋጋሪው ይለካልኛል። አንተ የሜትሩን ጫፍ ያዝ።"

ጋሽ መዶሻም ጎንበስ ብለው የሜትሩን ጫፍ ያዙ።