ሰው በለቀቀው መንደር የሚበራ አምፑል

ንጋት፣ ጅማ

ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር ስንነሣ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ኪሴ ውስጥ ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝ አለ፤ ከሊሙ ገነት ወዲያ ሰው ከለቀቀው መንደር ሁለት የካሚዮን ባትሪና አንድ ዲናሞ ነቅዬ ለአዲሱ መንደር ጽሕፈት ቤት እንዳስረክብ ይላል። የመብራት ሠራተኛ ነኝ። በዚያ ዓመት ገበሬው በመንግሥት ትእዛዝ ከየጫካው እየተነሣ መንገድ ዳር ይሰፍር ነበር።

«ባለቤቱስ?» አለኝ ሹፌሩ ጋሽ በቀለ።

«ከሌሎቹ ጋር ተዛውሯል።»

ረፋድ፣ አዲሱ መንደር

ሊሙ ገነት ላይ ትኩስ ቂጣ በማር ቀምሰን ቀጠልን። ቀይ ጭቃ፣ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና፣ ከዚያ በገመድ የተለኩ የሚመስሉ ቤቶች። የመብራት ምሰሶዎች ዳርና ዳር ቆመዋል፤ ሽቦ ግን የለም።

«መስመሩ እየመጣ ነው ተብለናል» አለ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ኢብራሂም፣ እየሳቀ። የሚመራን ሰው ስጠይቀው ሳቁ ጠፋ። «ወንዙን ይዛችሁ ውጡ። ከኛ ሰው አብሯችሁ የሚሄድ የለም።»

እኩለ ቀን፣ አሮጌው መንደር

መኪናውን ትተን ሽቅብ ወጣን። ጣሪያቸው የተገፈፈ ጎጆዎች፣ መዝጊያ የሌላቸው በሮች። ለቃሚ ያጣ ቡና ረግፎ መሬቱን አጥቁሮታል። ውሻ እንኳ አይጮኽም።

ድንገት የሰው ድምፅ ሰማን። ረጋ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ይናገራል።

«በስመ አብ!» ጋሽ በቀለ አማተበ።

ጣሪያው ያልተነካው አንድ ቤት ብቻ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው መደቡ ባዶ ነው፤ ሬዲዮ ለባዶ ቤት ዜና ያነባል፤ ከምሰሶው ላይ የመኪና አምፑል በጠራራ ቀን ይበራል። በጓሮ በኩል ጅረቱ የእንጨት መዘውር ይገፋል፣ መዘውሩ ዲናሞውን ያዞራል፣ ባትሪዎቹ ይሞላሉ። ሽቦው በሠለጠነ እጅ የተዘረጋ ነው። ጅማ መብራት ሲሄድብን ሻማ የምንፈልገው ሰዎች ከዚህ ልንማር እንችል ነበር።

«ልትወስዱት ነው?»

ዘወር ስል ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል። አባ ተማም ነኝ አሉ፤ ሁሉንም የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። በየቀኑ ከአዲሱ መንደር ሁለት ሰዓት በእግራቸው እየመጡ የመዘውሩን ቅጠል ይጠርጋሉ።

«አባባ፣ ማንም በሌለበት ለምን ያበሩታል?»

በአገጫቸው ወደ ጓሮው አመለከቱኝ። ከመዘውሩ አጠገብ ሣሩ የታጨደ መቃብር አለ። «ሚስቴ ዘይነባ ጨለማ ትፈራ ነበር። ዝምታም ትፈራ ነበር። ወላሂ፣ አንድ ቀን አጥፍቼው ሄድኩ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ትእዛዝ ከሆነ ውሰድ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ። ሽቦውን ግን አንተው ንቀል፤ የኔ እጅ እሺ አይልም።»

ነቀልኩት። ሬዲዮው ቃል ሳይጨርስ ተቆረጠ። ቤቱ ውስጥ የወረደውን ዝምታ እስካሁን አልረሳውም፤ ሰው ትንፋሹን የያዘ ይመስል ነበር። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ጋሽ በቀለ ወደ ኋላው እየሄደ ከበሩ ወጣ።

ሽቦውን መልሼ ሰካሁት።

አመሻሽ፣ መልስ

ኢብራሂም ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ይጠብቀን ነበር። «ባትሪዎቹ ሞተዋል፤ አሲዳቸው ፈሷል» አልኩት፣ ፊቱን ሳላይ።

ኢብራሂም ግራ ቀኝ ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲመሽ የመብራቱ ጭላንጭል ከዚህ ይታያል እኮ» አለኝ።

ክው አልኩ። ለውሸት ሪፖርት በዚያ ዘመን የሚጠብቀኝን አውቃለሁ።

«ትእዛዙ የመጣው ከላይ ነው፤ እኔ አልጠየቅኩም። የእኔም እናት እዚያ ተቀብራለች። የሁላችንም ሙታን እዚያ ናቸው።» የትእዛዙን ወረቀት ተቀብሎ «ባትሪዎቹ ሞተዋል» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት።

ስንወጣ ሰዉ በየደጃፉ ተቀምጧል፣ አሮጊቱም ሕፃኑም። ሁሉም ፊቱን ወደ ጫካው አዙሮ መብራቱን ይጠብቃል። ጋሽ በቀለ ክላክስ ነፋ፤ ዘወር ያለ ሰው ግን አልነበረም።